ዱላውን ሳያቀብል የወደቀው ጃማይካዊ

ጃማይካ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቦብ ማርሊ ነው፤ የስፖርት ሰው ከሆንን ደግሞ ዩሴን ቦልት። አርተር ዊንትን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ለጃማይካ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣላት እሱ ነው።

ዊንት እ.ኤ.አ. በ1920 ማንቸስተር በሚባል የጃማይካ አውራጃ ተወለደ (ከእንግሊዙ ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ነው፤ እርምጃው ረጅም፣ ጠባዩ ደግሞ ለስላሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ለንደን ቀርቶ ሕክምና መማር ጀመረ፤ የሚሮጠውም እየተማረ ነው።

በ1948 ኦሊምፒክ ለንደን ላይ ተዘጋጀ። ጃማይካ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነች፤ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል አይሞላም፤ በኦሊምፒክ ስትሳተፍም የመጀመሪያዋ ነው። ዊንት በ800 ሜትር በአሜሪካዊው ማል ዊትፊልድ ተቀድሞ ብር አገኘ። በ400 ሜትር ሁሉም የጠበቀው የዓለም ሪከርድ የያዘውን የአገሩን ልጅ ኸርብ ማኬንሊን ነበር። ዊንት መጨረሻው ላይ ደርሶ አለፈው፤ 46.2 ሰከንድ፣ ወርቅ!

ከሁለት ቀን በኋላ ግን 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል መጣ። ዊንት ሦስተኛው ሯጭ ነው። ማኬንሊ መስመሩ ላይ ቆሞ ዱላውን ይጠብቃል። መሃል መንገድ ላይ የዊንት እግር ጡንቻ ተሸማቀቀና ወደቀ። ዱላው ማኬንሊ እጅ ሳይደርስ ቀረ። አስቡት፣ የራሱን ወርቅ በኪሱ ይዞ የሦስት ጓደኞቹ ሜዳሊያ በእሱ እግር ቀረ።

አራቱም አልተበታተኑም። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያው አራቱ፣ ዊንት፣ ሌስ ሌይንግ፣ ማኬንሊና ጆርጅ ሮደን፣ እንደገና ተሰለፉ። ዊንት 32 ዓመቱ ነው፤ በ400 ሜትር አምስተኛ ወጥቷል። አሁን ዱላውን ይዞ የሚጀምረው እሱ ነው። ሮጠ፣ ለሌይንግ በሰላም አስረከበ። አሜሪካኖቹ ግን መሩ። ማኬንሊ ከኋላ ተነስቶ 44.6 ሰከንድ ሮጠና ልዩነቱን በላው (የዚያን ቀን ጀግና በእኔ ግምት እሱ ነው)። የመጨረሻው ሮደን መሪነቱን ሳያስነጥቅ ገባ። ጃማይካ 3 ደቂቃ ከ03.9፣ አሜሪካ 3 ደቂቃ ከ04.0። ሃያ ዓመት የቆየው የዓለም ሪከርድ ከአራት ሰከንድ በላይ ተሻሻለ።

ዊንት ከዚያ ሐኪም ሆኖ አገሩ ገባ፣ ሐኖቨር በሚባል የገጠር አውራጃ ሕዝብ አከመ። ከ1974 እስከ 1978 ደግሞ በለንደን የጃማይካ ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ ማለትም አምባሳደር፣ ነበር። ያረፈው ኦክቶበር 19 ቀን 1992 ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ጃማይካ የብሔራዊ ጀግኖቿን ቀን እያከበረች ነበር።