ዊልሄልም ሮንትገን

ወድቃችሁ ክንዳችሁን ያመማችሁ እንደሆነ፣ ሐኪሙ የተጎዳውን ቦታ ዳስሶ ራጅ እንድትነሡ ያዛችኋል። የራጅ ባለሙያውም ክንዳችሁን አስተካክሎ ካስቀመጠ በኋላ እናንተን ትቶ ከግድግዳ ኋላ ይከለላል። ጥቂት ቆይቶ የገዛ አጥንታችሁ ነጥቶ በምስል ይታያል። ይህን ጨረር ያገኘው ሰው በወጣትነቱ ከትምህርት ቤት የተባረረ ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁን?

ዊልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1845 በጀርመን አገር፣ ሌኔፕ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በእናቱ አገር በሆላንድ ነው። በኡትሬክት ሲማር ሳለ አንድ ጓደኛው የአስተማሪያቸውን መልክ በሚያስቅ አኳኋን ሣለ። ሮንትገን ሠዓሊውን እንዲያጋልጥ ቢጠየቅ እምቢ በማለቱ በጥፋተኛው ፈንታ እርሱ ተባረረ። በዚህም ምክንያት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን የምስክር ወረቀት ሳያገኝ ቀረ። ደግነቱ፣ በስዊስ አገር የሚገኘው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ያለዚያ ወረቀት ተቀበለው፤ በ1869ም በዚያው ከተማ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ሮንትገን የ50 ዓመት ሰው፣ በጀርመን የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። ያን ዕለት በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ቱቦ ኤሌክትሪክ ያሳልፍ ነበር። ቱቦው ብርሃን እንዳይወጣው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኗል። ሆኖም ራቅ ብሎ የነበረ፣ ባርየም ያለበት ቅመም የተቀባ ሰሌዳ በድንገት አበራ። ካርቶኑን ጥሶ የሄደው ምን ነበር? ሮንትገን ይህን ለማወቅ 7 ሳምንታት ያህል ከቤተ ሙከራው ሳይለይ፣ ምግቡንም እዚያው እየበላ ሠራ። የማይታየው ጨረር ወረቀትንና እንጨትን ሲያልፍ እርሳስ ግን ያግደዋል። በሒሳብ ያልታወቀው ቁጥር ኤክስ እንደሚባል ሁሉ፣ እርሱም ጨረሩን ኤክስ ብሎ ሰየመው።

ታኅሣሥ 22 ቀን የባለቤቱን የአናን እጅ በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ አስቀምጦ ለ15 ደቂቃ ያህል ጨረሩን ለቀቀበት። የጣቶቿ አጥንት ከነቀለበቷ ታየ። በሕይወት ሳለች ሞቷን ያየች ያህል እንደ ደነገጠች ይነገራል።

ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ጨረሩ ያረፈበት ቦታ የሚነጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሥጋ ጨረሩን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ከኋላው ያለው ፊልም ይጠቁራል፤ አጥንት ግን ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ ጨረሩን ስለሚያስቀር ፊልሙ እንደ ነጣ ይቀራል። እንግዲህ የምታዩት የአጥንታችሁን ጥላ ነው። በ1971 በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የተሞከረው ሲቲ ስካንም የሚሠራው በዚሁ ጨረር ነው፤ ልዩነቱ ጨረሩ ሰውነትን እየዞረ ማለፉና ምስሉን ኮምፒውተር ማቀናበሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጨረሩ ጉዳት ስላልታወቀ ብዙ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ጣቶቻቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጥተዋል። የራጅ ባለሙያው ከግድግዳ ኋላ የሚከለለው ስለዚህ ነው።

ሮንትገን ግኝቱን በስሙ አስመዝግቦ ሊከብርበት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበልም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ የራሱ ጥሪት አብሮ መነመነ። በ1923 በሙኒክ ከተማ ሞተ። ደብዳቤዎቹና የምርምር ማስታወሻዎቹ እንዲቃጠሉ ተናዝዞ ስለ ነበር፣ በእነዚያ 7 ሳምንታት በልቡ ያሰበው ሁሉ ከእሳቱ ጋር ሄደ።