ከአመድ በታች፦ ቫሲሊ ዶኩቻየቭና አሸዋማው የፖድዞል አፈር

መግቢያ

የቫሲሊ ዶኩቻየቭ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የሩሲያ ጥቁር አፈር፣ ማለትም ቼርኖዜም ነው። ዝናን ያተረፈለት፣ የዶክትሬት ማዕርግ ያስገኘለትና የአፈር ሳይንስ መሥራች ያሰኘው ጥናት የተካሄደው በዚሁ አፈር ላይ ነው። የተወለደበትና ያደገበት ምድር ግን ጥቁር አፈር አልነበረውም። ከሞስኮ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የስሞሌንስክ ግዛት ቀዝቃዛ፣ እርጥብና በአመዛኙ የደን አገር ነው። የዚያ አገር ገበሬ ሲያርስ ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር አመድ የመሰለ ነጣ ያለ አፈር ይወጣበታል። ገበሬዎቹ ይህን አፈር ፖድዞል ይሉት ነበር። ስያሜው በታች እና አመድ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የሩሲያ ቃላት የመጣ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

ይህ ጽሑፍ የዶኩቻየቭን ሕይወትና ሥራ በዚህ ደኻ አፈር በኩል ይመለከታል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፤ አፈር የአየር ጠባይ፣ የዕፀዋትና እንስሳት፣ የወላጅ አለት፣ የመሬት አቀማመጥና የዘመን የጋራ ውጤት መሆኑ የታወቀው አንድን ለም አፈር በማድነቅ ሳይሆን፣ ለሙንና ደኻውን እያንዳንዳቸውን በየተፈጠሩበት መልክዓ ምድር በማነጻጸር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ዶኩቻየቭ በ1846 በስሞሌንስክ ግዛት፣ በሲቾቭካ አውራጃ፣ ሚሉኮቮ በተባለች መንደር ተወለደ። የመንደሩ ቄስ ልጅ ስለነበር በጊዜው ልማድ የክህነት ትምህርት ይጠብቀው ነበር። በመጀመሪያ በቭያዝማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሞሌንስክ ሴሚናሪ ተማረ። በ1867 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተልኮ በመንፈሳዊ አካዳሚ ቢመዘገብም ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ተዛወረ። በ1871 ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ለጥናት የመረጠው ርእስ ሩቅ አልነበረም፤ በትውልድ አውራጃው የምትፈሰው የካችና ወንዝ ያከማቸችውን ደለል አጠና። በቀጣዩ ዓመት በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ስብስብ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በ1878 ለማስተርስ ማዕርግ ያቀረበው ጥናት ደግሞ በአውሮፓዊቷ ሩሲያ የወንዝ ሸለቆዎች እንዴት እንደተፈጠሩ የሚመረምር ነበር።

እንግዲህ ዶኩቻየቭ ወደ አፈር የገባው ከእርሻም ከኬሚስትሪም በኩል አይደለም፤ ከወንዝ፣ ከደለልና ከገደል በኩል ነው። በዘመኑ አብዛኞቹ ኬሚስቶች አፈርን ለሰብል ምግብ የሚያቀብል ጓዳ አድርገው ሲመለከቱት፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ደግሞ እንደ ተፈረካከሰ አለት ይቆጥሩት ነበር። በመስክ የሠለጠነው ወጣት ግን አፈርን ያየው በተፈጥሮ ስፍራው፣ ከላይ እስከ ታች ባሉት ንብርብሮቹ ነው።

ስም ፍለጋ፦ ካርታውና ፖድዞል

በ1875 ቫሲሊ ቻስላቭስኪ የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የአውሮፓዊቷን ሩሲያ የአፈር ካርታ ሲያዘጋጅ ዶኩቻየቭን ለረዳትነት ጋበዘው። ሥራው አንድ መሠረታዊ ችግር አጋለጠ፤ ካርታው ላይ የሚሰፍሩት የአፈር ስሞች የተስማሙበት ፍቺ አልነበራቸውም። አንዱ ስም በቀለም፣ ሌላው በአሸዋና በሸክላ መጠን፣ ሦስተኛው በምርት ብዛት የተሰጠ ነበር። ካርታው ሳያልቅ ቻስላቭስኪ በመሞቱ፣ ዶኩቻየቭ በ1879 የሩሲያን አፈሮች ካርታ የሚያብራራውን መጽሐፍ አሳተመ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1880፣ ስለ ስሞሌንስክ ፖድዞል የጻፈው ጥናት ታተመ። የገበሬው ቃል ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባውም በዚህ ነው። ዶኩቻየቭ አዲስ የላቲን ወይም የግሪክ ስም አልፈጠረም፤ አፈሩን በየዓመቱ የሚገለብጠው ሰው የሰጠውን ስም ተቀብሎ ፍቺ ፈለገለት። ቼርኖዜምም እንዲሁ የሕዝብ ቃል ነው።

የፖድዞል ጠባይና የሚገኝበት መልክዓ ምድር

የፖድዞል ጠባይ ከመልክዓ ምድሩ ተለይቶ አይገባም። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ሰፊ የአሸዋ ሜዳዎች አሉ፤ አሸዋውን ያነጠፉት ከጥንታዊው የበረዶ ግግር የሚቀልጠው ውኃና ትልልቅ ወንዞች ሲሆኑ፣ በየቦታው ነፋስ ደግሞ ወደ ክምር ለውጦታል። በዚህ አሸዋ ላይ የሚበቅለው ጥድና የመሳሰለው መርፌ ቅጠል ዛፍ ነው። የረገፈው ቅጠል በቅዝቃዜው ምክንያት ቶሎ አይበሰብስም፤ ከመሬቱ በላይ ይነጠፍና ቀስ እያለ አሲድ ያመነጫል።

በጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብና በጸደይ የሚቀልጠው በረዶ ይህን አሲድ ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል። አሸዋው በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነና ሸክላው ጥቂት ስለሆነ አሲዱን የሚያበርድ ነገር የለም፤ ውኃውም እንደ ወንፊት ያልፍበታል። እያንዳንዱን የአሸዋ ቅንጣት የሸፈነው ስስ የብረት ዝገት ይሟሟል፤ ብረቱና አልሙኒየሙ ከብስባሹ ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በስፍራው የሚቀረው የተራቆተ ኳርትዝ ነውና አመድ የመሰለው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከነጩ ንብርብር ሥር የወረደው ነገር ተጠራቅሞ ጥቁር ቡናማ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ንብርብር ይሠራል፤ አንዳንዴም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ለሥርም ለውኃም አላሳልፍ ይላል።

ስለዚህ ፖድዞል አሲዳማ፣ ውኃ የማይዝና የዕፀዋት ምግብ ያነሰው አፈር ነው። የሟሟው አልሙኒየም የሰብልን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ይይዛል። ኖራና ማዳበሪያ ካልተጨመረበት የሚሻለው አገልግሎት ደን ነው። አቀማመጥም ጠባዩን ይለውጠዋል። በደረቁ የአሸዋ ጉብታ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ ሩቅ ነው፤ ወደ ረባዳው ሲወረድ ውኃው ይቀርባል፣ የብስባሹ ንብርብር ይጠቁራል፣ ይወፍራል፤ በመጨረሻም አፈሩ ለረግረግ ስፍራውን ይለቃል። ጥቂት መቶ ሜትሮች በማይሞላ ርቀት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት አሸዋ ላይ፣ የተለያዩ አፈሮች ተከታትለው ይታያሉ።

ጥቁር አፈርና ንጽጽር

የዶኩቻየቭ ታላቁ ጥናት የተጀመረው በድርቅ ምክንያት ነው። በ1873 እና በ1875 የደቡብ ሩሲያን የእህል ምድር ድርቅ ከመታው በኋላ፣ ነጻ የኢኮኖሚ ማኅበር የተባለው ተቋም የጥቁር አፈርን ጥናት ለዶኩቻየቭ ሰጠው። በ1877 እና በ1878 ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ እየተጓዘ ጉድጓድ እያስቆፈረ ናሙና ሰበሰበ። ከዚያ በፊት ጥቁሩ አፈር የባሕር ወይም የረግረግ ደለል ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1883 የታተመው የሩሲያ ቼርኖዜም የተሰኘው መጽሐፉ ግን አፈሩ በደረቅ ምድር ላይ፣ ከስቴፕ ሣር ብስባሽ፣ በተወሰነ የአየር ጠባይ ሥር የተገኘ መሆኑን አስረዳ። በዚሁ ሥራ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ።

የንጽጽሩ ፍሬ ግልጽ ነው። በስቴፕ ትነቱ ብዙ፣ ዝናቡ ጥቂት፣ ሣሩም ሥረ ብዙ ስለሆነ ብስባሹና ኖራው እዚያው ይቀራሉ። በሰሜኑ አሸዋ ላይ ግን ውኃው ይበዛል፤ ደኑም አሲድ ይሰጣል፤ ያለው ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያስረዳው አለቱ ብቻ ወይም አየሩ ብቻ አይደለም፤ አምስቱም ምክንያቶች አንድ ላይ ናቸው።

ኒዥኒ ኖቭጎሮድ፦ አፈርና ግብር

ይህ ሐሳብ በተግባር የተፈተነው በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ግዛት ነው። ዜምስትቮ የሚባለው የአካባቢው የራስ አስተዳደር ምክር ቤት የመሬት ግብር በትክክለኛ ግምት ላይ እንዲመሠረት ፈልጎ በ1882 ዶኩቻየቭን ጠራው። ግዛቱን የቮልጋ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ በስተ ግራ ዝቅ ያለ አሸዋማ ሜዳ፣ የጥድ ደንና ረግረግ ይገኛል፤ በስተ ቀኝ ከፍ ያለ ምድር፣ ግራጫ የደን አፈርና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቁር አፈር ይታያል። በአንድ አስተዳደር ሥር፣ በአንድ የግብር መዝገብ ውስጥ፣ ፖድዞልና ቼርኖዜም ጎን ለጎን ሰፍረዋል።

ዶኩቻየቭና ወጣት ተማሪዎቹ አፈሩን በመስክ ለይተው፣ ናሙናውን በቤተ ሙከራ መርምረው፣ ምርጡን ጥቁር አፈር 100 ነጥብ በመስጠት ሌሎቹን በእርሱ መዘኑ። እዚህ ላይ ምደባ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መሆኑ አበቃ፤ በአሸዋ ላይ የሚያርሰው ገበሬ በባለ ጥቁር አፈር ሚዛን እንዳይዳኝ የሚያደርግ መሣሪያ ሆነ። የጥናቱ ውጤት በ14 ቅጾች እስከ 1886 ታትሞ ወጣ፤ በ1885ም በከተማዋ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተከፈተ። በ1888 በተጀመረው የፖልታቫ ግዛት ጥናትም ተመሳሳይ ዘዴ ተሠራበት። በ1889 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያቀረበው የሩሲያ አፈሮች ስብስብ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ረኃብና የመጨረሻ ዓመታት

በ1891 ድርቅ ተመልሶ መጣ፤ ሩሲያ በታላቅ ረኃብ ተመታች። ረኃቡ የበረታው 100 ነጥብ የሚሰጠው ጥቁር አፈር በሚገኝበት ክልል ጭምር መሆኑ ለዶኩቻየቭ ከባድ ትምህርት ነበር። አፈሩ ለም ሆኖ ሳለ ደኑ ተመንጥሮ፣ ሸለቆው በጎርፍ ተቦርቡሮ፣ በረዶው በነፋስ ተጠርጎ እርጥበቱ ጠፍቷል። በ1892 ባሳተመው የስቴፕን ያለፈና የወቅቱን ሁኔታ የሚያነጻጽር መጽሐፍ ነፋስ የሚመክቱ የዛፍ ረድፎች፣ የውኃ ኩሬዎችና የሸለቆ ጥበቃ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በተቋቋመው ልዩ የጥናት ቡድን አማካይነት በቮሮኔዥ ግዛት በካመናያ ስቴፕ የተጀመረው የዛፍ ረድፍ ሥራ ዛሬም ድረስ ይታያል።

ከ1892 ጀምሮ ዶኩቻየቭ በዛሬዋ ፖላንድ ፑዋቪ በሚገኘው የኖቮ አሌክሳንድሪያ የእርሻና የደን ተቋም ኃላፊ ሆነ። በዚያም የአፈር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በ1894 ተከፍቶ ተማሪው ኒኮላይ ሲቢርትሴቭ መራው። ሲቢርትሴቭ አፈሮችን በሦስት ከፈለ፤ የአየር ቀጠናን የሚከተሉ፣ በቀጠና ውስጥ በአካባቢ ምክንያት የሚለዩ፣ ገና ያልዳበሩ። ይህ አከፋፈል ለአሸዋ ልዩ ትርጉም አለው። ንብርብር ያላወጣ ልቅ አሸዋ በሦስተኛው ክፍል ሲገባ፣ በደን ሥር ታጥቦ ነጭና ዝገት ንብርብር ያወጣው አሸዋ በመጀመሪያው ይመደባል። አንድ ዓይነት አሸዋ እንደ ዕድሜውና እንደ ለበሰው ዕፀዋት የተለያየ አፈር ይሆናል ማለት ነው።

ከ1895 ጀምሮ ከባድ የነርቭ ሕመም ዶኩቻየቭን ከሥራው አወጣው፤ በ1897 ሚስቱ አና ሞተችበት። ጥቂት ሲሻለው ወደ ካውካሰስና ወደ መካከለኛው እስያ ተጓዘ፤ አፈር በሜዳ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በተራራ ደግሞ ከግርጌ ወደ ጫፍ በቀጠና እንደሚለዋወጥ ያስረዳባቸውን ጽሑፎችም አወጣ። በ1900 ሲቢርትሴቭ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የዶኩቻየቭ ሕመም ዳግመኛ ጠንቶበት በ1903 በሴንት ፒተርስበርግ ዐረፈ። ሲመኘው የኖረው የአፈር ምርምር ተቋም በሕይወቱ አልተከፈተለትም፤ በስሙ የሚጠራው ተቋም የተመሠረተው በ1927 ነው።

ስሙ ከእርሱ በኋላ

ተከታዩ ኮንስታንቲን ግሊንካ በ1914 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ የሩሲያን ምደባ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ፤ አሜሪካዊው ከርቲስ ማርበት ደግሞ በ1927 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ፖድዞል የሚለው ቃል በዚህ መንገድ ዓለም አቀፍ ሆነ።

ጉዞው ግን ለውጥ አልባ አልነበረም። የስሞሌንስክ ገበሬ ፖድዞል የሚለው አመድማ አፈር አሸዋማውንም ሸክላ የበዛበትንም ያጠቃልል ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ሥርዓት ስሙ የሚሰጠው ብረት፣ አልሙኒየምና ብስባሽ የተጠራቀመበት ንብርብር ከመሬት ወለል በ200 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ለሚጀምርለት አፈር ብቻ ነው፤ ይህም በአብዛኛው አሸዋማ ነው። ሸክላ ወደ ታች የወረደበት አመድማ አፈር ሬቲሶል፣ ንብርብሩ ያልዳበረ አሸዋ አሬኖሶል ይባላል። የአሜሪካው ሥርዓት ፖድዞልን በስፖዶሶል ተክቶታል። በዓለም አቀፉ ሥርዓት ግምት ፖድዞል ወደ 485 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል፤ አብዛኛውም በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነው።

ማጠቃለያ

የዶኩቻየቭ ሕይወት ከደኻ አሸዋ ተነሥቶ ወደ ለም ጥቁር ምድር የሄደ፣ ሁለቱንም በአንድ ሕግ ያስረዳ ሕይወት ነው። ከሥራው ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው፣ አፈር የሚታወቀው በተፈጠረበት ስፍራ እንጂ ከስፍራው ተነቅሎ በብልቃጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የገበሬው ስያሜ የምርምር መነሻ ሊሆን መቻሉ ነው። ኢትዮጵያዊው ገበሬ ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ በበጋ የሚሰነጠቀውና በክረምት የሚጨቀየው ጥቁር ሸክላማ አፈር በዓለም አቀፉ ምደባ በአመዛኙ ቬርቲሶል ከሚባለው ጋር ይገጥማል። ስያሜው በስሞሌንስክ እንደሆነው ሁሉ እዚህም ብዙ ጊዜ ከተመራማሪው በፊት መስኩ ላይ ይጠብቃል፤ ለምርምር የሚቀረው ፍቺውንና ወሰኑን ማግኘት ነው።