ባቡሩን ያስጀመሩት፣ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ያላዩት ሰው

ብቸና ወይም ሞጣ ላይ ቆመህ የዕቃ ባቡር ፎቶ ላንሳ ብትል ሐዲድ የለም። በኛ በኩል ጤፉንም ስንዴውንም የሚያወጣው አይሱዙ ነው። የኢትዮጵያን ባቡር ያስጀመሩት ሰው ግን ካሜራም የሚወዱ ነበሩ፦ አልፍሬድ ኢልግ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ኢልግ በ1854 ስዊዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ ተወለዱ። ዙሪክ ምህንድስና ተምረው በ1879 አንኮበር፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ዘንድ ደረሱ። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ በማሰፋት ፈተኗቸው ይባላል። ሰፉ። ቀጥሎ ድልድይ ሠሩ፤ በኋላም ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገቡ።

ሐሳባቸው ሁሉ ግን ባቡሩ ላይ ነበር። ያኔ ቡናውና ቆዳው ወደ ባሕር የሚወርደው በግመልና በበቅሎ፣ ሳምንታት እየፈጀ ነው። በ1894 ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ሰጧቸው። ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ ተቋቁሞ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ።

በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ገባ። እዚያው ቆመ። የኩባንያው ገንዘብ አልቋል። የፈረንሳይ መንግሥትም እጁን አስገብቷል። ምኒልክ ደግሞ ባቡሩ በአገራቸው ላይ የባዕድ እጅ እንዳይሆን ሰግተው ተቆጡ። የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ኢልግ መሃል ላይ ቀሩ። በ1907 ሥራቸውን ለቀቁ።

ጥር 1916 ዙሪክ ላይ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የለፉበት ባቡር ከተማው ሲገባ ሳያዩ፣ ሞት በአንድ ዓመት ቀደማቸው።

ፎቶዎቹ ግን ቀሩ። የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት፣ ሰዉና አገሩ በነሱ ውስጥ አለ። የሚገኙት ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። የኛን አያቶች ዘመን ለማየት ስዊዘርላንድ መሄድ ሊኖርብን ነው ማለት ነው!

ስለዚህ ነገ ሞጣ ገበያ ላይ ጤፍ ሲጫን ፎቶ ካነሳህ፣ ካነሳሽ፣ ላይክ ሰብስቦ ብቻ አይጥፋ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁም የጫኞቹን ስም ጻፉበት። አንድ ቀን ሐዲዱ በኛም በኩል ቢመጣ፣ ከሱ በፊት ጭነቱን ማን ይሸከም እንደነበር የሚያሳየው ያ ፎቶ ነው።