ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ)፦ በመስጂድ ውስጥ የተተከለችው የሕክምና ድንኳን



ድሬዳዋ ታይዋን የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጨርቁ፣ ጫማውና ኤሌክትሮኒክሱ በተደረደረበት መሃል ለታማሚ ማሳከሚያ ካርቶን ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ሰው አይጠፋም። ነጋዴውም የአቅሙን ይጥላል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ወደ ገበያው ይመለሳል። ታማሚው አንዳንዴ ከጀልዴሳ፣ አንዳንዴ ከወሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ የመጣ የገጠር ሰው ነው። ከተማ የሚደርሰው ሕመሙ ከጸና በኋላ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለእርሱ ይደርሳል፤ በነጋታው ደግሞ ሌላ ካርቶን ይመጣል።

ሐኪሞችና ነርሶች በዕረፍት ቀናቸው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉበት ክሊኒክ በገጠር ቢከፈት የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ሲነሳ ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ የእርዳታ ድርጅቶች አሠራር አድርገን እናየዋለን። እኛ ዛሬ የምንተርከው ግን ከ1,400 ዓመታት በፊት መዲና ላይ፣ ያውም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ፣ ይህንኑ ስላደረገች አንዲት ሰሃቢያ ነው።

ስሟ ሩፈይዳ ነው፤ ከአስለም ጎሳ ናት። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ በሚል ስም የጠቀሳት ሴትም እርሷው እንደሆነች የሚያምኑ አሉ። ስለ ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ዛሬ የሚጻፈው ብዙ ነው። የነርሶች ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፣ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥታ ነበር የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። የጥንቶቹ መጻሕፍት የሰጧት ግን ጥቂት መስመሮችን ነው። እኛም በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ላይ መቆየትን መርጠናል፤ የያዙት ነገር ቀላል አይደለምና።

የሲራው ጸሐፊ ኢብኑ ኢስሃቅ ስለ እርሷ የሚነግረን ሁለት ነገር ነው። ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ ደግሞም አጅሯን ከአላህ ብቻ እየጠበቀች፣ ጠያቂ ያጡ ሙስሊሞችን ታገለግል ነበር። ሁለተኛውን ልብ እንበል። በዚያ ዘመን በዐረቦች ዘንድ ሰው ሲቆስል የሚያነሳው ጎሳው ነው። ቁስሉን የምታጥበው እናቱ ወይም እህቱ ናት፤ ወተት የሚያመጣለት የአጎቱ ልጅ ነው። መዲና ግን በሂጅራ የተሞላች ከተማ ነበረች። ከመካ ንብረታቸውንና ዘመዳቸውን ትተው የመጡ ሙሃጂሮች ነበሩ። መጠጊያ አጥተው በመስጂዱ ጥግ የሚያድሩ አስሐቡ ሱፋም ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው ሲታመም ማን ያነሳዋል? ሩፈይዳ ድንኳኗን የዘረጋችው ለእነዚህ ነው። የክፍያ ነገር አልተነሳም፤ የጎሳ ጥያቄም አልነበረም።

ድንኳኗ በስም ተለይታ የተወሳችው በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (627 እ.ኤ.አ) በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ነው። 10,000 የሚሆን የአሕዛብ ጦር መዲናን ሊያጠፋ መጣ። ሙስሊሞቹ 3,000 ያህል ነበሩ፤ በሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ምክር ጉድጓድ ቆፍረው ከተማዋን ተከላከሉ። ውጊያው በአብዛኛው በቀስት ነበር። ከተወረወሩት ቀስቶች አንዱ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን (ረ.ዐ) ክንዱ ላይ መታው፤ ትልቁን የደም ሥር ቆረጠው።

ሰዕድ የአውስ ጎሳ አለቃ ነው። በሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) እጅ ሰልሞ ሕዝቡን ወደ እስልምና የመራ፣ በበድር ዋዜማ አንሷሮች ወደ ኋላ እንደማይሉ ለነቢዩ ያረጋገጠ ሰው ነው። እንደ ልማዱ ቢሆን ወደ ቤቱ፣ ወደ ወገኖቹ ይወሰድ ነበር። ሰፊ ቤት፣ ብዙ ዘመድ ነበረውና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በመስጂዱ ውስጥ ባለችው በሩፈይዳ ድንኳን እንዲያስተኙት አዘዙ፤ ከቅርብ ሆነው ሊጠይቁት ፈልገው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ዘመድ ለሌላቸው በተተከለች ድንኳን የአውስ አለቃ ተኛ። የድሃ መታከሚያ ለአለቃም ተገቢ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ነጻ ክሊኒክ ሲባል ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒት፣ የተሰበረ አልጋና የማይመለስ ሰላምታ የሚታየን ከሆነ፣ ከሩፈይዳ ድንኳን ርቀናል። ለራሳችን አባት የማንመርጠውን ሕክምና ለጀልዴሳ አባወራ ሶደቃ ብለን ማቅረብ ይከብደናል፤ ሊከብደንም ይገባል።

ሕክምናው የዘመኑ ነበር። ሰዕድ ደሙ እንዲቆም ቁስሉ በእሳት ተተኮሰ። እጁ አበጠ፤ እንደገና ተተኮሰ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ በድንኳኗ ሲያልፉ እንዴት እንዳመሸ ይጠይቁታል፤ ሲነጋ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። እርሱም ይነግራቸው ነበር። ይህን ኢማም አል-ቡኻሪ አል-አደቡል ሙፍረድ በተሰኘው ኪታባቸው ከሩፈይዳ ስም ጋር ዘግበውታል። በየሆስፒታሉ ሐኪሞች ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የአሕዛብ ጦር በነፋስና በብርድ ተበትኖ ሄደ። የበኒ ቁረይዟ ጉዳይ ሲነሳ ሰዕድ ፍርድ እንዲሰጥ ከዚያችው ድንኳን በአህያ ተጭኖ ተወሰደ፤ ፈርዶም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ቁስሉ ፈነዳ። በመስጂዱ ከሰፈሩት የጊፋር ሰዎች ወገን ደም ሲፈስ ታየ፤ ደነገጡ። ምንጩን ሲፈልጉ ሰዕድን አገኙት። በዚያው ቁስል ሸሂድ ሆኖ ወደ አኺራ ሄደ። በሞቱ የአር-ረሕማን ዐርሽ እንደተናወጠ ሶሒሕ ሐዲስ ይነግረናል።

ሩፈይዳ በዚያች ሌሊት ምን እንደተሰማት ማንም አልጻፈም። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። የነቢዩ ጥየቃ በጠዋትና በማታ የማይለየው፣ በመስጂዱ ጥላ ሥር የተኛ፣ እጅግ የተወደደ ታማሚ ሞተባት። ድንኳኗ ግን በዚህ አልተዘጋችም። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር ላይ ከዘማቾቹ ጋር እናገኛታለን።

ብቻዋንም አልነበረችም። ከእርሷ በፊት፣ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ፣ ውኃ እየተሸከመች የተጠሙትን ስታጠጣና ቁስለኞችን ስታክም የነበረችው ኡሙ አይመን በረካ (ረ.ዐ) የእኛው የሐበሻ ልጅ ናት። የነቢዩ እናት አሚና በአብዋ መንገድ ላይ ሲሞቱ የስድስት ዓመቱን የቲም ወደ መካ የመለሰችው፣ ያሳደገችውም እርሷ ናት። በኡሑድ ጊዜ ወጣት አልነበረችም፤ ቢሆንም እቤት አልቀረችም። በዚያው ቀን ነቢዩ ፊታቸው ሲቆስል ዓሊ (ረ.ዐ) በጋሻው ውኃ እያመጣ፣ ፋጢማ (ረ.ዐ) ታጥብ ነበር። ውኃው ደሙን እንደጨመረው ባየች ጊዜ የሰሌን ቁራጭ አቃጥላ አመዱን ቁስሉ ላይ አደረገችበት፤ ደሙም ቆመ። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ደግሞ በሰባት ዘመቻዎች ወጥታ ምግብ ስታበስል፣ ቁስለኞችን ስታክምና በሽተኞችን ስታስታምም ነበር። ሩፈይዳ የተለየችው ለሥራው ቋሚ ቦታ በመስጠቷ ይመስለናል። ታማሚ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ስህተትም አለ፤ ልንሸፍነው አይገባም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባሏ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ከአሥር ዓመት በላይ በምድራችን የኖረች ሰሃቢያ ናት። ከዚህ የቀሰመችው የመድኃኒት እውቀትም ነበራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ራሳቸውን ሲስቱ፣ ሴቶቹ የጎን ውጋት መስሏቸው በአፋቸው በኩል መድኃኒት አፈሰሱ። ነቢዩ እንዳያደርጉት በምልክት ከልክለው ነበር፤ እነርሱ ግን በሽተኛ መድኃኒት ይጠላልና ብለው አለፉት። ሲነቁ፣ ይህ ከዚያ አገር የመጡ ሴቶች ሥራ ነው ብለው ወደ ሐበሻ አመለከቱ። በቤቱ የነበረው ሁሉ፣ ከአጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) በቀር፣ ያንኑ መድኃኒት እንዲዋጥ አዘዙ። የሴቶቹ ኒያ ፍቅር ነበር። ግን የበሽታው ግምት ስህተት ነበር፤ የታማሚው እምቢታም አልተሰማም። በሌላ ሐዲስም ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተነግሯል። በጎ ፈቃደኛ መሆን ከዚህ አያድንም። የገጠር ክሊኒክ ይከፈት ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ማን ነው የሚለው መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ካርቶንና ባነር ኋላ ይደርሳል።

ወደ ኸይበር እንመለስ። ከጊፋር ጎሳ የሆኑ ሴቶች ቁስለኛ ለማከምና በአቅማቸው ለማገዝ ከነቢዩ ጋር ለመውጣት ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ከእነርሱ መካከል ገና ልጅ የነበረች አንዲት ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከድሉ በኋላ የአንገት ጌጥ በገዛ እጃቸው አሰሩላት። እስክትሞት ከአንገቷ አላወለቀችውም፤ ስትቀበርም አብሯት እንዲቀበር ተናዘዘች። ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ፣ ማለትም የድንኳኗ ባለቤት፣ ደግሞ በኸይበር እንደ አንድ ወንድ ተዋጊ ድርሻ እንደተሰጣት አል-ዋቂዲ ዘግቧል።

ይህ ዘገባ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለናል። እርሷ ደመወዝ አልጠየቀችም። ከታማሚም አልተቀበለችም። የጋራው ገንዘብ ሲከፋፈል ግን ባዶ እጇን አልተሸኘችም። ሕክምና ለታማሚው ነጻ ሲሆን ወጪው አይጠፋም፤ ፋሻውን፣ ዘይቱን፣ ውኃውን አንድ ሰው ይችለዋል። ያ ሰው አገልጋዩ ብቻ ከሆነ ድንኳኗ ከአንድ ክረምት አታልፍም። በእኛም አካባቢ በጥሩ ኒያ ተጀምረው መድኃኒት የሚገዛላቸው ሲያጡ የቆሙ ሥራዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ ቅዳሜውን ይሰጣል። የመኪናውን ነዳጅ፣ የላብራቶሪውን ዕቃ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቱን በየወሩ ከኪሱ እንዲገዛ መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

ከሩፈይዳ በኋላ የመጡት ሙስሊሞች ይህን ጥያቄ በወቅፍ መለሱት። ኑረዲን ዘንኪ በ1154 እ.ኤ.አ ደማስቆ ላይ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ አቋቋመ። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ቀላዎን የተባለ የመምሉክ አሚር ደማስቆ ላይ ታመመ። የዳነው ከኑረዲን ቢማሪስታን በመጣ መድኃኒት ነበር። ንግሥና ካገኘ ተመሳሳዩን እንደሚሠራ ለአላህ ተሳለ። ነገሠና በ1284 እ.ኤ.አ ካይሮ ላይ ሠራው። ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት፣ ነዋሪና መንገደኛ ሳይለይ በነጻ የሚታከምበት ሆነ። ድኖ የሚወጣ ድሃ ልብስና ገንዘብ ይሰጠው ነበር፤ ገና ሳይጠነክር ወደ ጉልበት ሥራ እንዳይሮጥ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ለዚሁ ወቅፍ የተደረገ ንብረት ኪራይ ነበር፤ ከንብረቱም ውስጥ የገበያ ሱቆች ይገኙበታል። የአንድ ሱቅ ኪራይ የአንድ በሽተኛ መድኃኒት ሆነ፤ በየወሩ፣ ካርቶን ሳይዞር።

ታይዋን ላይ ስንት ሱቅ እንዳለ የምናውቅ እኛ ይህን ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የቀላዎን ግንብ ካይሮ ውስጥ በሙዒዝ ጎዳና ላይ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በዚያው ግቢም የዓይን ሆስፒታል አለ።