እስትንፋስን የሰፈረ ሐኪም፦ ጆን ሃቺንሰን (1811–1861)

ከየካ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ ተራራ የሚያወጡትን መንገዶች የሚያውቅ ሁሉ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡትን እናቶች ያውቃል። ሸክሙ ከባድ ነው፤ የተራራው ጫፍም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የትንፋሽ ማጠር በአካባቢው እንደ በሽታ አይቆጠርም። ሳሉ የብርድ፣ አቀበት አለመቻሉም የእርጅና ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ለ30 እና ለ40 ዓመት በማገዶ ጭስ በታፈነ ማዕድ ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት፣ ሲጋራ በአፏ ሳትይዝ፣ አጫሾችን የሚያጠቃው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሕመም ሊይዛት እንደሚችል ዛሬ በሚገባ ታውቋል። በሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ ታማሚዋ ራሷ መቼ እንደጀመራት አታውቅም። ሐኪሙም ደረትን በማዳመጥ ብቻ ከአስም ሊለየው ይቸገራል። እርግጡ የሚገኘው እስትንፋስን በመለካት ነው። የዚህን መለኪያ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአንድ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሕይወት ይጀምራል።

ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1811 የድንጋይ ከሰል አገር በሆነው በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በራይተን ተወለደ። ሕክምናን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1836 የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። ቫዮሊን የሚጫወት፣ በዘይት ቀለም ሥዕል የሚሥል፣ እጁ ለብዙ ጥበብ የታዘዘለት ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የለንደንን ሕዝብ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀጥፈው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ በ1816 የደረት ማዳመጫ መሣሪያን ፈልስፎ፣ በ1819 ባሳተመው መጽሐፍም ኤምፊዚማ የተባለውን የሳንባ ከረጢቶች መፍረስ ገልጾ ነበር፤ ራሱ ግን በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ማዳመጫው ድምፅን እንጂ መጠንን አይናገርም። ሃቺንሰን የፈለገው ደግሞ ቁጥር ነበር። ለሕይወት ኢንሹራንስ በሐኪምነት ይሠራ ስለነበር፣ ጤነኛ መስሎ የሚቀርበውን ሰው ውስጡ ከተጎዳው መለየት የዕለት ሥራው ነበረና።

ከእርሱ በፊት እስትንፋስን ለመስፈር የሞከሩ አልጠፉም፤ ሥራውን ከዳር ያደረሰው ግን እርሱ ነው። መሣሪያው ስፓይሮሜትር ይባላል። ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሌላ ባዶ ዕቃ በአፉ ይደፋል። ሰውየው አየር እስኪበቃው ስቦ በቱቦ ሲተነፍስ፣ የተደፋው ዕቃ በመዘውር በተንጠለጠሉ ክብደቶች እየታገዘ ከውኃው ብቅ ይላል፤ ከፍ ያለበትም ልክ በመስፈሪያ ላይ ይነበባል። እህል በቁና እንደሚሰፈር እስትንፋስም ተሰፈረ ማለት ነው።

ሃቺንሰን በ1846 ታላቁን ጥናቱን ሲያሳትም ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለክቶ ነበር። መርከበኞች፣ ወታደሮች፣ ፖሊሶች፣ እሳት አጥፊዎች፣ አታሚዎች፣ ቦክሰኞች፣ ድኾችና ባለጸጎች በተራ እየቀረቡ ነፍተዋል። ከዚህ ሁሉ ድካም ያገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ሰው አስወጥቶ የሚተነፍሰው አየር ከሁሉ ይበልጥ የሚከተለው ቁመትን ነው። ቁመት በአንድ ኢንች በጨመረ ቁጥር እስትንፋሱ በ8 ኪዩቢክ ኢንች፣ በእኛ አቆጣጠር በ130 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ በዕድሜ መግፋት ደግሞ ይቀንሳል። እንግዲህ የአንድ ሰው ቁመትና ዕድሜ ከታወቀ ሊኖረው የሚገባው እስትንፋስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የጎደለበት ምክንያት ይፈለጋል። መጠኑን ቫይታል ካፓሲቲ፣ የሕይወት አቅም፣ ብሎ ሰየመው። ለስሙ ብዙዎች ሊስቁበት ይችሉ ይሆናል፤ ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ የተደረገው የረጅም ዘመን ጥናት፣ ይህ መጠን ያነሰባቸው ሰዎች ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል።

ከለካቸው ሰዎች አንዱ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነበር፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈ ግዙፍ ሰው። በ1842 ሲለካ 434 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7 ሊትር ያህል ነፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲለካ መጠኑ በእጅጉ ወርዶ ተገኘ። በ1845 ያ ግዙፍ ሰው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሃቺንሰን የመሣሪያውን ጥቅም ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገውም።

ኋላም በለንደን በብሮምተን የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል አገለገለ። ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ በ1852፣ ሚስቱንና ልጆቹን በእንግሊዝ ትቶ ወርቅ ወደ ተገኘበት ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ይህን ለምን እንዳደረገ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች አልተስማሙም፤ ቤተሰብን ጥሎ መሄዱም የሚመሰገንበት አይደለም። የሄደበት ምድር የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ ያ ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ መጥቶ እንጦጦን አለበሰ፣ ለአዲስ አበባም ማገዶ ሆነ። ሃቺንሰን በ1861 በፊጂ ደሴቶች በ50 ዓመቱ ሞተ።

መሣሪያው ግን ከፈጣሪው ቀድሞ ወደ ክፉ እጅ ገብቶ ነበር። በ1851 ካርትራይት የተባለ የአሜሪካ ደቡብ ሐኪም በስፓይሮሜትር ለክቼ አረጋገጥሁ በማለት፣ የጥቁር ሕዝብ ሳንባ በተፈጥሮው ያነሰ ስለሆነ የባርነት ሥራ ይጠቅመዋል ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ከባርነት ጋር አልሞተም። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ብዙ መለኪያዎች የጥቁር ሰው እስትንፋስ በመቶ 10 ወይም 15 ቢያንስ ጤናማ ነው ብለው ያልፉት ነበር። በዚህም ምክንያት የታመመ ሰው ደኅና ነህ ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በዘር የሚለያየው ስሌት እንዲቀር የመከረው በ2023 ነው። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በሰሜን ተራሮች አካባቢ በደባርቅና በአዲ አርቃይ ለክተው በ1969 ባሳተሙት ጥናት፣ የደጋው ሰው ሰፊ ደረትና ትልቅ የእስትንፋስ መጠን እንዳለው መመስከራቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሌላም ጉድለት ነበረ። ቧንቧው የጠበበበት ሰው ጊዜ ከተሰጠው ብዙ አየር ሊያስወጣ ይችላል፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። ሃቺንሰን ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ በምን ያህል ፍጥነት የሚለውን ጥያቄ በ1947 በፓሪስ ቲፈኖና ፒኔሊ ጨመሩበት። ዛሬ ታማሚዋ በኃይል ስትነፋ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ጋር ይነጻጸራል። ይህ ልኬት የእንጦጦዋን እናት ከለንደን ፖሊስ ጋር አያወዳድራትም፤ የመጀመሪያዋን ሰከንድ እስትንፋሷን ከራሷ ሙሉ እስትንፋስ ጋር ነው የሚያመዛዝነው።

በአገራችን የሳንባ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መሣሪያው ዛሬ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም በብዙ ጤና ጣቢያዎች አይገኝም። የተገኘ እንደሆነ አሠራሩ ይህ ነው። ታማሚዋ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ አፍንጫዋ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ እስከ መጨረሻው አየር ስባ ከንፈሯን በቱቦው ላይ ገጥማ ባላት ኃይል ሁሉ ትነፋለች፤ ሳታቋርጥም ቢያንስ 6 ሰከንድ ትቀጥላለች። ይህንኑ ቢያንስ 3 ጊዜ ትደግማለች። ሳሏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ለኖረች ሴት በሰው ፊት እንዲህ መንፋት ቀላል አይደለም፤ የሚያበረታታት ባለሙያ ያስፈልጋታል። ቀጥሎ ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ትስብና ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ ዳግመኛ ትነፋለች። ቁጥሩ ከተስተካከለ ሐኪሙ ወደ አስም ያደላል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው በመቶ ከ70 በታች ሆኖ ከቀረ ግን ሕመሙ ሥር የሰደደው ነው። የጠፋው የሳንባ አቅም አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሳብ መድኃኒት ከማዘዙ ጋር፣ ማዕድ ቤቷ የጭስ መውጫ እንዳለው ይጠይቃታል።