ሉዊ ፓስተርና የፑዪ ለ ፎር በጎች

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበርና መንዝ በሚዘልቀው ደጋ፣ በግ የገበሬው ዋነኛ ጥሪት ነው። አባ ሰንጋ በገባበት መንጋ ግን ይህ ጥሪት በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ቆዳውን የገፈፈና ሥጋውን የበላ ሰውም ለበሽታው ይጋለጣል። በዚህ በሽታ ላይ ክትባት ሠርቶ በአደባባይ የፈተነው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ፤ በእኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረው ሙያ መሆኑ ነው። ልጁ የኬሚስትሪ ምሁር እንጂ ሐኪም አልነበረም። በ1868 በደረሰበት ሕመም የግራ ጎኑ ቢዳከምም ታላላቅ የክትባት ሥራዎቹን ያከናወነው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1881፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ፣ ሮሲኞል የተባለ የእንስሳት ሐኪም ፓስተር ክትባቱን በሕዝብ ፊት እንዲያሳይ ጠየቀው። ፑዪ ለ ፎር በተባለች መንደር 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 የቀንድ ከብቶች በሜይ 5 እና በሜይ 17 ተከተቡ። ሌሎች 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 4 የቀንድ ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ሜይ 31 ቀን ሁሉም ኃይለኛው ተሕዋስ ተሰጣቸው። ጁን 2 ቀን ሹማምንት፣ ገበሬዎችና ጋዜጠኞች ሲሰበሰቡ ካልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም በዚያው ዕለት አለቁ። ከተከተቡት በኋላ የሞተችው አንዲት እርጉዝ በግ ብቻ ነበረች። ብዙ ሪፖርት ያገላበጠ ሰው እንደሚረዳው፣ ያልተከተቡት ለንጽጽር ባይቀርቡ ኖሮ የተከተቡት መትረፍ ብቻውን ምንም አያስረዳም ነበር።

ይሁንና ታሪኩ እንከን አለበት። ፓስተር ክትባቱ በአየር የተዳከመ እንደሆነ እንዲታመን ቢተውም፣ ለበጎቹ የተሰጠው ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያዳከመው ነበር፤ ይህም የተፎካካሪው የቱሴን መንገድ ይመስላል። ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው የቤተ ሙከራ መዝገቦቹ በ1970ዎቹ ለተመራማሪዎች ከተከፈቱ ወዲህ ነው።

ወደ ሌሎች አገሮች የተላከው ክትባትም አንዳንዴ ሳይከላከል ቀርቷል፤ አንዳንዴም በጎቹን ራሱ ገድሏል። አንድ ጊዜ መፈተን እንደማይበቃና እያንዳንዱ ምርት መፈተሽ እንዳለበት ያሳየው ይኸው ነው። ዛሬ በቢሾፍቱ ከእንስሳት ክትባት ማምረቻው በተጨማሪ የክትባቶችን ጥራት የሚያረጋግጥ የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል ይገኛል።

ፓስተር በጥንቸሎች አከርካሪ ያዘጋጀውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጁላይ 6 ቀን 1885 ለ9 ዓመቱ ጆሴፍ ማይስተር ሰጠ፤ ልጁም ዳነ። ሳይንቲስቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 አረፈ። በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባው ፓስተር ኢንስቲትዩትና በተተኪው ተቋም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለአሥርተ ዓመታት ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር፤ የመከላከል ኃይሉም በአይጦች ይለካ ነበር።