ክሎድ ሻፕ እና ሁለት ጊዜ የወደመበት ቴሌግራፍ

ቴሌግራፍ ሲባል ሁላችን የምናስበው ሽቦና ኤሌክትሪክ ነው። ስሙ ግን ከሽቦው ይቀድማል። መጀመሪያ ቴሌግራፍ የተባለው ማማ ላይ ቆሞ የእንጨት ክንዱን እያጠፈና እየዘረጋ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ነበር። የሠራውም ፈረንሳዊው ክሎድ ሻፕ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሻፕ በ1763 ብሩሎን ውስጥ ተወለደ። ኑሮው ከቤተ ክህነት በሚያገኘው ገቢ ነበር፤ የ1789ኙ አብዮት ሲመጣ ያ ቀረበት። ታዲያ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ከሩቅ የመነጋገርን ነገር ሥራዬ ብሎ ያዘ። በ1791 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መልእክት አሳለፈ።

ፓሪስ ሲገባ ግን ፈተናው መጣ። መጀመሪያ የተከለውን መሣሪያ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ሰባበሩት። በ1792 ያቆመውን ደግሞ ሕዝቡ ከታሰረው ንጉሥ ጋር መላላኪያ ነው ብሎ ጠርጥሮ አቃጠለው። እኛ በሕዝቡ አንፈርድም፤ በጦርነት ጊዜ ኮረብታ ላይ የማይገባ ምልክት የሚሰጥ እንጨት እያየ ማን ዝም ይላል?

ወንድሙ ኢኛስ የሕግ አውጪው ጉባኤ አባል ነበርና ጉዳዩ ለመንግሥት ቀረበ። በ1793ቱ ሙከራ ጊዜ ጣቢያዎቹ በየአካባቢው ዘብ እንዲጠበቁ ሆነ። በ1794 ከፓሪስ እስከ ሊል፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መስመሩ ተዘረጋ፤ የጦር ሜዳ ድልም ዋና ከተማው የደረሰው በዚሁ ነው።

እኛን የሚገርመን ከዘቡ ይልቅ በአሠራሩ ውስጥ ያስገባው ጥበቃ ነው። የምልክቱ መዝገብ 92 ገጽ፣ በየገጹም 92 ፍች ነበረው፤ ሲባዛ 8464 ይሆናል። የማማው ሠራተኛ ምልክቱን በመነጽር አይቶ ይደግማል፣ የሚቀጥለው ማማ በትክክል መድገሙንም ይመለከታል እንጂ ትርጉሙን አያውቅም። ስለዚህ ሠራተኛውን ቢይዙትም ምሥጢር አይገኝበትም።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ዛሬ መረብ የምንለው አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው የሚዞር ነው። የሻፕ መስመር እንደ መቁጠሪያ ክር ነበር፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ አለቀ። ጉምና ጨለማም ያቋርጡት ነበር።

ፈጠራው የራሱ አይደለም የሚሉ ተቀናቃኞች እረፍት ነሱት። በ1805 ፓሪስ ውስጥ ራሱን የውኃ ጉድጓድ ጥሎ ሞተ።

መስመሩ ግን ከእርሱ በኋላም ሠራ፤ በአዲስ ዘዴም ተጠቃ። ከ1834 እስከ 1836 ሁለት የቦርዶ ወንድማማቾች የፓሪስን የአክሲዮን ገበያ ወሬ ከሌላው ነጋዴ ቀድመው ለማወቅ ፈልገው ቱር ላይ ለሚሠራ ሰው ጉቦ ሰጡ። ሰውየው በመንግሥት መልእክት መሐል የተስማሙበትን የስሕተት ምልክት ያስገባና ወዲያው የእርማት ምልክት ያስከትላል። የመጨረሻው ተርጓሚ ስሕተት ነው ብሎ ይተወዋል፤ ቦርዶ ላይ ማማውን የሚጠብቀው ሰው ግን አይቶታል! የሻፕ ጥበቃ የታሰበው ምሥጢር ለሚሰርቅ እንጂ ለሚጨምር አልነበረም። ነገሩ ሲጋለጥ ፍርድ ቤቱ የሚከለክል ሕግ አጥቶ ዋናውን ክስ ጣለው። ሕጉ የወጣው ፍርዱ በተሰጠበት ዓመት፣ በ1837 ነው።